ብራችን አሰብ ላይ መሥራት ያቆመ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ድንበር መሬት ላይ ነበር እንጂ ኪስ ውስጥ አልነበረም። አንቺ የዩኒቨርሲቲዋ፣ በሌላ አገር ገንዘብ የሚኖር አገር አለ ወይ ብለሽ ከመጽሐፍሽ ታነቢልኛለሽ። አለ እንጂ! እኔ እዚያ አገር ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ሻዬንም ከዲላ በያዝኩት ብር ከፍያለሁ። ኋላ ጅቡቲም ነድቻለሁ፣ የእነሱ ፍራንክ ደግሞ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ታስሯል አሉኝ፣ ዶላሩ ወደሄደበት ይሄዳል። የጅቡቲውን መጽሐፍሽ ያውቀዋል፣ የአሰቡን ግን እኔ ልንገርሽ።

ታዲያ ያን ጊዜ የተሳቢ ሾፌር ነበርኩ፣ ጎረምሳ፣ ጸጉሬ እንዲህ ጎፍሮ፣ አትሳቂ፣ ነበረኝ! ከዲላ ቡና ጭኜ አዲስ አበባ አራግፋለሁ፣ እና ከዚያ ለውጭ የተዘጋጀውን ጭኜ አሰብ ወደብ እወርዳለሁ። ሚሌን ታልፊያለሽ፣ ማንዳን ታልፊያለሽ፣ እና ሙቀቱ ጆሮሽ ውስጥ መዝፈን ሲጀምር አስፋልቱ ላይ የሌለ ውሃ ይታይሻል፣ ትነጂያለሽ፣ ትነጂያለሽ፣ አትደርሺበትም፣ እና በመጨረሻ አንዱ ውሃ ሳይሸሽ ይጠብቅሻል። እሱ ባሕሩ ነው።

ኤርትራ ያኔ ለብቻዋ አገር ሆናለች፣ ቡሬ ላይ ኬላ አለ፣ ወረቀት ያያሉ። ገንዘቡ ግን የእኛው ብር ነው፣ ለጥቂት ዓመት እንዲያ ነበር። እና ሰው ብሩ እስከሠራለት ድረስ አገር ለቅቄ ወጣሁ አይልም፣ እኔም አላልኩም። ወደቡ አጠገብ ትብለጽ የምትባል ልጅ ሻይ ቤት ነበራት፣ አባቷ አቦይ ተስፋይ ወደቡ ላይ ጭነት ያወርዳሉ። እሷ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን አታይም፣ ባሕሩን ነው የምታየው፣ ግን አንድ ጠብታ አይፈስም! እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ። ከፍዬ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ አያታለሁ፣ ከፍዬ እወጣለሁ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ምን ያስቸኩለኛል? መንገዱ ያው፣ ብሩ ያው።

ታዲያ አንድ ቀን ብሬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ በጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ይሄ አይሠራም።»

«ምነው? ተቀዷል እንዴ?»

«አልተቀደደም። የራሳችን ገንዘብ ወጣ፣ ናቅፋ። አልሰማህም?»

መስማቱንስ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፣ ግን ሬዲዮ ስንቱን ያወራል! እና እግዜር ያሳይሽ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር ያኔ ነው ውጭ አገር የሆነብኝ።

«ታዲያ የሻዩን ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ምንም።»

«እኔ በነጻ አልጠጣም!»

እና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ድምፅዋ እንዲህ ቀስ ያለ ነው፣ «ከእንግዲህ ደንበኛ መሆን አትችልም፣» አለች። «በነጻ የሚጠጣ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ካልሆንክ አትምጣ።»

ወይ ጉድ! ከአሰብ እስከ ሚሌ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም፣ መኪናው ራሱ ያመጣኝ ይመስለኛል።

አገሬ ገደብ ከተማ ገብቼ ለአጎቴ ለጂግሶ ነገርኩት። «የየት አገር ልጅ ናት?» አለ። «የአሰብ።» «አሰብ ከይርጋጨፌ ወዲህ ነው ወዲያ?» እና እሱንና አንድ ጎረቤታችንን ለሽምግልና ጋቢና ውስጥ አሳፍሬ ወረድኩ። ቆጮ ይዘናል፣ ማር ይዘናል፣ ቅቤም ይዘን ነበር፣ ሚሌ ላይ ቀልጦ የአጎቴ ጋቢ ጠጣው።

አቦይ ተስፋይ ደህና አድርገው ተቀበሉን። አጎቴ እንደ ወጋችን ተነስቶ፣ «ጥሎሹን በብር ይዘናል፣» ሲል ጎኑን ጎሸም አድርጌ፣ «ብር እዚህ አይሠራም!» አልኩት። ደነገጠ፣ ግን አልተቀመጠም። «እንግዲያው እንሰት ተክለንላታል!» አለ።

«እንሰት እንታይ እዩ?» አሉ አቦይ ተስፋይ።

«ምግብ ነው። ግንዱ ይፋቅና ጉድጓድ ይቀበራል፣ ኋላ ይበላል።»

«ቀብራችሁ ትበሉታላችሁ?»

«አዎ!»

«መቼ ይደርሳል?»

«አምስት ስድስት ዓመት ቢፈጅ ነው።»

«ልጄ እስከዚያ ምን ልትበላ?»

«ከእናቱ ጓሮ።»

እውነቱን ነው፣ በእኛ ዘንድ ጎጆ የወጣ ሰው የራሱ እንሰት እስኪደርስ ከወላጅ ጓሮ ይቆርጣል፣ ነውር የለውም። አቦይ ተስፋይ ሳቁ። «እኛም በእናንተ ብር ስንገበያይ እንዲያ ነበርን በሉኛ! አሁን የራሳችንን ተከልን፣ ደግ ነው።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ፣ ወደ እኔም ዞሩ። «ግን የራሱን የተከለ ሰው አጥር ያጥራል፣ ጎረቤቱም ያጥራል። እኔን የሚያስፈራኝ አጥሩ ነው። ወደይ፣ ልጄን የምትወስዳት ከሆነ መንገዱ ሳይዘጋ ውሰዳት።»

ትብለጽ መጋረጃው ጋ ቆማ ትሰማለች። ማንም አልጠየቃትም፣ እኔ ግን ጠየቅኋት፣ በዚህስ እኮራለሁ። «ትመጫለሽ?» አልኩ። ባሕሩን አየች፣ ብዙ አየች፣ እና «እመጣለሁ፣» አለች።

እና መጣች። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ሆነ፣ መንገዱም ተዘጋ። አቦይ ተስፋይን ዳግም አላየናቸውም፣ ማረፋቸውንም የሰማነው በሰው በሰው ነው፣ አፈሩ ከደረቀ በኋላ።

ታዲያ ልጄ፣ ገንዘብ ሲለያይ ሰው ይለያያል ይላሉ፣ እኔን ግን አገናኘኝ! በዕድሜዬ እንደዚያ ጉዞ ያማረኝ የለም። አጎቴ ያንጎላጃል፣ የማሩ ሽታ ጋቢናው ውስጥ ቀርቷል፣ እሷ አጠገቤ ናት፣ እና ነቅቼ ልንዳ ተኝቼ ልንዳ አላውቅም፣ ብቻ መንገዱ ደስ ሲል፣ ደስ ሲል...

«ላንተ ነዋ!» አለች የሽማግሌው ባለቤት ትብለጽ፣ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ። ሽማግሌው ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

«አንተ መሪ ይዘህ ፊት ፊቱን ነው ያየኸው። ባሕሩ እያነሰ እስኪጠፋ ዞሬ ያየሁት እኔ ነኝ። አባቴ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። እጁን እንኳ አላነሳልኝም፣ የጠራኝ እንዳይመስለኝ።»