ለሙሽራው መኪና የሚሆን ጎማ

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ መኪና የማውቀው መሳፈሩን ብቻ ነው። ባለፈው ጥር ግን አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሞተር ሳይክሌ ጎማ ተነፈሰብኝና ወደ ውበቱ ጎሚስታ እየገፋሁ ስሄድ፣ ሳላስበው የመኪና ጎማ ክርክር ውስጥ ገባሁ። ነገሩን እዚህ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በመካነ ሰላም ከተማ ገንዘብና መኪና ከዕውቀት ቀድመው እየገቡ ነው፤ ዕውቀቱ ደርሶ እስኪይዛቸው ድረስ ደግሞ ብዙ ሰው ይጎዳል።

ከውበቱ ደጃፍ አንዲት ጥቁር የስፖርት መኪና በክሪክ ተነስታ ቆማለች። ሞተሯ ጉልበተኛ፣ ወገቧ ለመሬት የቀረበ፣ አገራችን ብዙም ያላያት ዓይነት ናት። ባለቤቱ ፋሩቅ ዐረብ አገር ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ያመጣትን ይህችን መኪና ከዓይኑ ብሌን ለይቶ አያያትም። በዚያ ቀን ግን ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አጠገቡ አባቱ አያ አሕመድኑር ግድግዳውን የተደገፉ አራት የፒካፕ ጎማዎችን እያሳዩ ለውበቱ ትእዛዝ ይሰጣሉ። አያ አሕመድኑር በዕድሜያቸው አብዛኛውን ዘመን ከከላላ እስከ አጅባር በቅሎ ሲነግዱ የኖሩ፣ አሁን የእህል መደብር ያላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ አሕመድኑር» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም! እንኳን መጡልን መምህር። የተማረ ሰው ይፍረደን። የሚመጣው ሳምንት የዚህ ልጅ ሠርግ ነው፤ ሙሽራዋን ከከላላ ልናመጣ ነው። በእኛ ወግ ሙሽራ ከሚዜው ዝቅ ብሎ አይሄድም። እኛ በበቅሎ ስንሄድ ከሁሉ ረጅሟ በቅሎ የሙሽራው ነበረች። ዛሬ ሚዜዎቹ ሁሉ በፒካፕ ከላይ ቁብ ብለው ሊሄዱ፣ የኔ ልጅ ከታች መሬት ለመሬት ሊሳብ ነው! ስለዚህ ቁመት ልጨምርላት ነው። ምን ጥፋት አለው?»

ስለ ወጉ ቢጠይቁኝ መልስ አይጠፋኝም ነበር። ስለ ጎማው ግን ምን ልበል? «ይገጥማል ወይ?» ብዬ ውበቱን ጠየቅኩት።

«ቡሎኑ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እነሱ ያውቃሉ» አለ ውበቱ፣ በአባትና በልጅ ነገር ውስጥ መግባት እንደማይፈልግ በሚያስታውቅ ድምፅ።

ፋሩቅ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። «መምህር፣ አባቴን እምቢ ብያቸው አላውቅም። ይህ ነገር ግን አላማረኝም። ወደ ከላላ የሚወርደውን ቁልቁለት ያውቁታል። ስንመለስ ከጎኔ የምትቀመጠው ሙሽራዬ ሱሀይላ ናት» አለኝ። ልጁ ፈርቷል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁለት።

በዚህ መካከል ኢልሀም ብቅ አለች። ኢልሀም የአያ አሕመድኑር የሟች ወንድማቸው ልጅ ስትሆን፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ናት። የአጎቷን እጅ ስማ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ ነው ዓይኗ ግድግዳው ሥር ካሉት ጎማዎች ላይ ያረፈው።

«አጎቴ፣ እነዚህ ለማን ናቸው?»

«ለሙሽራው መኪና።»

«በስመ አላህ! ለዚህችው?»

«ለዚህችው። ምነው? ሰፊ ኮቴ ያላት በቅሎ ድንጋይ ላይ ጸንታ አትቆምም ወይ?»

ኢልሀም ፈገግ አለች። አጎቷን በሚያውቁት ነገር እንጂ በመጽሐፍ ቋንቋ እንደማትረታቸው ገብቷታል። «አጎቴ፣ ለትንሽ በቅሎ የትልቅ በቅሎ ኮርቻ ጭነው ያውቃሉ?»

«እኔ? ዕድሜዬን ሙሉ በቅሎ ነግጄ? ጀርባዋን ልጦ ገጣባ ሊያደርጋት!»

«መቀነቻው እኮ ይታሰርልዎታል።»

«መቀነቻው ቢታሰር ምን ይረባል፣ ጀርባዋ ላይ ልክ ካልተቀመጠ!»

«የዚህም ጎማ ነገር እንደዚያው ነው። ቡሎኑ ገጠመ ማለት መቀነቻው ታሰረ ማለት ነው።»

አያ አሕመድኑር በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና፣ «እሱስ ጥሩ ብለሻል። ነገር ግን የበቅሎን ቁመት የሰጣት አላህ ነው፤ አይጨመርም አይቀነስም። መኪና ግን የሰው እጅ ሥራ ናት። ሰው የሠራውን ሰው ቢያስረዝመው ምን ክልክል አለው?» አሏት። በዚህ መልስ እኔ ራሴ ልረታላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ክልክል የለውም፤ ግን የሠራት ሰው ያንን ቁመት ሲሰጣት መሪውንም፣ ፍሬኑንም፣ ሞላውንም የሰጣት በዚያው ልክ ነው። አንዱን ብቻ ነጥሎ ማሳደግ ነው ጉዳቱ። ባይሆን አብሽሩ፣ ቃሌን ብቻ ይመኑ አልልዎትም። ውበቱ አንዱን ከፊት ይግጠመውና በዓይንዎ ይዩት።»

ውበቱ ትልቁን ጎማ ከፊት ገጥሞ መኪናዋን ከክሪክ አወረዳት። ፋሩቅ ገብቶ መሪውን ወደ ግራ ማዞር ጀመረ። ገና ሳይጋመስ ላስቲኩ ከጎማው በላይ ካለው መሸፈኛ፣ ከፓርፋንጎው ጠርዝ ጋር ተፋተገና እየጮኸ ቆመ። ጨክኖ ሲያዞረው ፓርፋንጎው ሲለመጥ ሁላችንም አየን።

«ይህ እንግዲህ ቆማ ነው» አለች ኢልሀም። «ሰው ተጭኖባት፣ ጉድጓድ ስትገባ ጎማው ወደ ላይ ይገፋል። ያን ጊዜ ቀጥ ባለ መንገድም ይነካል። መታጠፊያ ላይ ከሆነ ፋሩቅ መሪውን ያዞራል፣ መኪናዋ ግን አትዞርለትም።»

«ፓርፋንጎው ይቆረጣ!» አሉ አያ አሕመድኑር።

ፋሩቅ መኪናውን ሳይሆን እጁን ሊቆርጡት የተነሱ ያህል ደነገጠ። እኔና ውበቱ ሳቃችንን ለመደበቅ ወዲያ ዞርን።

«ተቆረጠ እንበል» አለች ኢልሀም፣ አጎቷን ሳታሳፍር። «ፍሬኑንስ ምን እናደርገዋለን? ከባድና ትልቅ ጎማ አንዴ መሽከርከር ከጀመረ ለማቆም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፍሬኑ ደግሞ ያው የትንሹ ጎማ ፍሬን ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም አይታመንም። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ከልኩ ስለሚበልጥ፣ ፋሩቅ ቆጣሪውን አይቶ ቀስ እያልኩ ነው ሲል መኪናዋ ከዚያ በላይ ትሮጣለች። ከመሬት በራቀች ቁጥር ደግሞ መታጠፊያ ላይ ትወላገዳለች። ፈጣን መኪና ገዝቶ እንዲህ ማድረግ ከጉልበቷም ከደኅንነቷም መቀነስ ነው።»

አያ አሕመድኑር በሌላ በኩል መጡ። ከዘራቸውን ወደ መኪናዋ የራሷ ጎማዎች ቀሰሩ። «ይህስ ልክ ነው ትይኛለሽ? የብረት ቸርኬው እንደ ትሪ የሰፋ፣ ላስቲኩ እንደ ቀበቶ የቀጠነ! የኛን ድንጋይ ይችለዋል?»

«አባባ፣ እሱ እኮ የፍጥነት ጎማ ነው» አለ ፋሩቅ፣ በአባቱ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ። «ላስቲኩ ቀጭን ስለሆነ መታጠፊያ ላይ አይለመጥም። ሲያዩትም ያምራል።»

«አጎቴ እውነት አላቸው» አለች ኢልሀም።

ሽማግሌው ቀና አሉ። በእውነት ደስ የሚል ነገር ነበር፤ የተማረ ሰው ያልተማረውን እውነት አለህ ሲለው በአገራችን ብዙ ጊዜ አይሰማም።

«ይህ ዓይነቱ ለለሰለሰ አስፋልት ነው» ብላ ቀጠለች። «እዚያ ፋሩቅ እንዳለው መሪውን ቶሎ ይታዘዛል። በእኛ መንገድ ግን ጉድጓድ ሲመታ ድንጋዩንና ቸርኬውን የሚለያቸው ላስቲክ በቂ ስላልሆነ፣ ወይ ቸርኬው ይጣመማል ወይ ላስቲኩ ይቆረጣል። ስለዚህ ለሁለታችሁም የሚሆን አለ። ቸርኬውን በአንድ ቁጥር እናሳንሰው፤ የቀነስነውን ያህል ላስቲኩ ይወፍር። ከውጭ ሲለካ የጎማው ቁመት ያው ስለሚሆን መሪውም፣ ፍሬኑም፣ ቆጣሪውም አይዛባም፤ ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ የሚለዝብ ላስቲክ ይኖረዋል።»

«ከሆነስ ቸርኬውን ለምን አብዝተን አናሳንሰውም? ላስቲኩ ይበልጥ ይወፍር ነበር» አልኩ እኔ፣ ነገሩ ስለጣመኝ።

«አይሆንም መምህር። የዚህች መኪና ፍሬን ትልቅ ነው፤ ቸርኬው ከመጠን በላይ ካነሰ ፍሬኑን ይነካዋል። ላስቲኩም ሲበዛ መታጠፊያ ላይ ይለመጣል። ስፋቱም ቢሆን ልክ አለው፤ ሲሰፋ ልቅ ጠጠር ላይ ይንሳፈፋል። ከጎማው ጎን የተጻፈው ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ የሚሸከመውን ክብደትና የሚችለውን ፍጥነት ይናገራል። ፈጣን መኪና ላይ ለዝግተኛ መኪና የተሠራ ጎማ መግጠም አደጋ ነው።»

ክርክሩ ያለቀ መሰለኝ። አያ አሕመድኑር ግን ውበቱ ከሚቀመጥባት ዱካ ላይ ቁጭ አሉና ድምፃቸው ተለወጠ።

«እኔ እኮ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ብቻ አይደለም» አሉ። «እኔ ሚስቴን ሳመጣ የራሴ በቅሎ አልነበረኝም። የተዋስኳት አጭር ነበረች፤ እግሬ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ሚዜዎቼ ከላዬ ሆነው ገባን። የሙሽራይቱ አገር ልጃገረዶች ዘፈን አወጡብኝ፤ ሙሽራው የቱ ነው፣ መሬት ለመሬት የሚመጣው ነው ወይ እያሉ። ያን ቀን ወላሂ፣ ልጅ ከወለድኩ ዝቅ ብሎ አይገባም አልኩ። ያችን በቅሎ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።»

ፋሩቅ ይህን ከአባቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ማንም አልሳቀም።  ኢልሀም አጎቷ ፊት ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

«አጎቴ፣ ያኔ የሳቁብዎት ሰዎች ዛሬ የሉም። ሱሀይላ ግን አለች። አባቷ ልጃቸውን አምነው የሚሰጡት ለእርስዎ ቤት ነው። በደኅና አድርሶ ከማስገባት የሚበልጥ ምን ክብር አለ?»

አያ አሕመድኑር ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዚያ ወደ ውበቱ ዞረው፣ «አውልቀው ይህን ኮተት» አሉ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ግን በሹክሹክታ፣ «አእምሮዬ አምኗል መምህር፤ ሆዴ ገና ነው» አሉኝ።

ኢልሀም ልኩን ለፋሩቅ ጽፋ ሰጠችው፣ እሱም ደሴ ድረስ ሄዶ ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው አመጣ። በሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ በፒካፖቻቸው ቀድመው ሄዱ። ፋሩቅ በጥቁሯ መኪና ተከተለ፤ አያ አሕመድኑርና እኔ ከኋላ በሚኒባስ ነን። ቁልቁለቱ ላይ አንዱን ጠምዛዛ እንደዞርን ጭነት የያዙ በቅሎዎች መንገዱን ሞልተው ብቅ አሉ። ፋሩቅ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋም ወዲያ ወዲህ ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። ባለ በቅሎው ጅራፉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አያ አሕመድኑር «አልሀምዱሊላህ!» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። «ያን ጎማ ብናስገጥም ኖሮ?» አሉኝ። 

አንባቢዬ ሆይ፣ ትምህርቱ ይህ ነው፤ መኪናህ ፈጣን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመለከትሃል። በልኩ የተመረጠ ጎማ ፍሬንህን አስተማማኝ፣ መሪህን ታዛዥ ያደርግልሃል፣ ነዳጅህንም ይቆጥብልሃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ቤቱ ያገባልሃል። ወግህን ተው አልልህም፤ የወጉን ዋጋ ግን በሰው ነፍስ አትክፈል።

ከላላ ስንደርስ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ጠበቀን። አያ አሕመድኑር ከሚኒባሱ ሲወርዱ ፊታቸው እንደገና ጠቆረ፤ ሚዜዎቹ ከላይ ሆነው ሲታዩ፣ ልጃቸው ግን ዝቅ ባለችው መኪና ውስጥ ሆኖ ከሕዝቡ መሐል ጠፍቷል። ወዲያው የሱሀይላ አባት፣ ረጅምና ግርማ ያላቸው ሽማግሌ፣ ፒካፖቹን በእጃቸው ሰላም ብለው አለፉና ወደ ጥቁሯ መኪና መጡ። ሙሽራውን በመስኮቱ ለማየት ወገባቸውን አጥፈው፣ ጎንበስ ብለው እጁን ጨበጡት። ቀጥሎ አጎቶቿ መጡ፤ እነሱም ጎንበስ አሉ። አክስቶቿም፣ የአገሩ ሽማግሎችም፣ ሰላም ሊሉት የመጡት ሁሉ ጎንበስ፣ ጎንበስ አሉ።

አያ አሕመድኑር ክንዴን አጥብቀው ያዙኝ። 

«አዩ መምህር? አዩልኝ?» አሉ። «የከላላ ሰው ሁሉ ለልጄ ጎንበስ አለ!»

ከዚያ በኋላ እንባቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።