የቀብር ዕለት የተቆጠሩ ልጆች

ይግቡ እትዬ ዘውድነሽ፣ ስለ ጭቃው አይጨነቁ፤ ልጅ የሚውልበት ቤት መቼ ጸድቶ ያውቃል? ድንቹስ እንዴት ነው ዘንድሮ? ከዘንገና ድረስ በዚህ ዝናብ... የእህትዎን ልጅ ሊያዩ ነው? ደግ አደረጉ። እሷ እንኳ ቅርብ ናት፣ በአጥር ነው የምንለያይ።

እኔማ ሐምሌ ገብቶ የግብር ነገር ይዞኛል። ልጅ መያዝም ግብር አለው እኮ! ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ ከፍዬ ነው የኖርኩ። የምይዘው ስድስት ልጅ፣ ግምቱም የስድስት ነበር።

ታዲያ የሰፈራችን የሽመክት አባት የተቀበሩ ዕለት እድሩ በሙሉ ወጣ። የቀብር ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኔ ዘንድ እንደሚቀር ያውቃሉ፤ ሐዘን ነው፣ ማን ያስከፍላል? የግብር ገማቾቹ ያን ዕለት ከች! አልጋ ላይ ልጅ፣ አልጋ ሥር ልጅ... «የጎረቤት ናቸው» ብል ማን ይመነኝ? «እስቲ ጎረቤት ይጠየቅ» አሉ። ጎረቤቱ መቃብር ላይ ነው። አንዲቱ የአጥር ጎረቤቴ ብቻ ራሷን አሟት ቀርታለች። አላማትም፣ ራስ ምታት ሰው አይመርጥም።

ወጥታ «ሁልጊዜም ቤቷ እንደሞላ ነው» አለችልኝ። የሰው ሥራ እንዲህ የሚያከብር አለ? የራሷን ልጅ እንኳ፣ ያውም በነጻ የምይዘውን፣ ከቁጥሩ አላስወጣችም። አድልዎ አታውቅም! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት... ለካ ለቆጠራ ኖሯል።

ቅሬታ ባቀርብ «ያየ ይመስክር» አሉኝ። ያየችው እሷ! ቀብር የዋለ ምን አይቶ? እሷ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም፣ ጨዋ ናት። አሁን እሷም ልጅ ማዋያ ልትከፍት ነው ይላሉ። ትችላለች! ልጅ ትወዳለች፤ የራሷን እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ ለሰው ታካፍላለች...

እኔ ያን በዚያ ዕለት ቁጥር የተጣለብኝን ግምት አልችለውም፤ ሐምሌ ሲያልቅ በሬን እዘጋለሁ። እንጀራዬ ነበር እትዬ፣ ይቆጨኛል። ልጆቹን ለየእናቶቻቸው እመልሳለሁ።

ያ ትንሹ ልጇ ግን አስቸገረኝ። ማታ ልትወስደው ስትመጣ ቀሚሴን ጨብጦ «እማዬ!» እያለ ያለቅሳል። እሷን በስሟ ነው የሚጠራት። ስሟን እሱ ያንሳው፤ እኔ ምን በወጣኝ?

ሊሄዱ ነው? ለእህትዎ ልጅ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ያችን ጎረቤቴንም ካገኟት፣ ከልቤ መርቄያታለሁ ይበሏት... እግዜር «እማዬ» የሚላት ልጅ ይስጣት።