ቀድሞ የደረሰ መርዶ

(ሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ፤ ሞጣ፣ በእድሩ ዳኛ በጋሽ እንዳላማው በር ላይ፣ የሺሐረግ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።)

እንዳላማው፦ ቆይ፣ ቆይ፣ አታልቅሺ። ወንድምሽ ላቀው ሞቷል ነው የምትይኝ ወይስ አልሞተም?

የሺሐረግ፦ ገና ነው።

እንዳላማው፦ ገና ነው! ታዲያ በጠዋት ነጠላ አዘቅዝቀሽ ውሻዬን የምታስጮኺው ምን እንዳደርግልሽ ነው? ወረፋ ላስይዝለት?

የሺሐረግ፦ ነጠላ ካልተዘቀዘቀ በርዎ አይከፈትማ! ባለፈው ሳምንት በወጉ ለብሼ ብመጣ “ጋሼ ተኝተዋል” ተባልኩ። ዛሬ ይኸው በአንድ ጩኸት ብቅ አሉ።

እንዳላማው፦ ኤዲያ፣ ምላስ! ምን ሆነ ልጁ?

የሺሐረግ፦ ሱቁን ከዘጋ ሃያ ቀኑ። የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ትናንት ማታ ደግሞ “ደክሞኛል፤ እንደ አስረስ ብሄድ ነው የማርፈው” አለ።

እንዳላማው፦ እንደ አስረስ? ታላቅ ወንድማችሁን የገደለው ጨጓራ አልነበረም እንዴ?

የሺሐረግ፦ ጨጓራ! እርስዎም አምነው ነበር?

እንዳላማው፦ እናንተ ናችኋ ያላችሁት! እኔ የእድር ዳኛ ነኝ፤ ሬሳ ገልጬ አልመረምርም።

የሺሐረግ፦ ፍትሐት እንዳይከለከል ፈርተን ዋሸን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ይኸው ለሁለተኛው ተረፈ። እርስዎም ሁሉን እያወቁ “አይ ጨጓራ፣ ክፉ እኮ ነው” እያሉ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ካርታ ተጫወቱ።

እንዳላማው፦ ለቅሶ ቤት ምን ልሥራ ታዲያ? እስክስታ ልውረድ?

የሺሐረግ፦ በሦስተኛው ቀን ተነሥተው “ምነው ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ!” አሉ። እናቴ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እያነሣች ታለቅሳለች። እና ቀድሜ መጣሁ። መርዶዬን ይስሙ።

እንዳላማው፦ እኔ ምን ላድርግ? ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው፤ ጠበል ውሰጂው።

የሺሐረግ፦ ጠበሉን እየጠጣ ነው፤ ሐኪምም ያስፈልገዋል። ሆስፒታሉ ሰኞ ሰኞ የአእምሮ ሐኪም አለው። ዛሬ ነው።

እንዳላማው፦ ውሰጂዋ! እግር የለሽም?

የሺሐረግ፦ መንገዱ በገበያው መሀል ነው። ሁለት ጊዜ ይዤው ወጥቼ ሰው አየኝ ብሎ ከመንገድ ተመልሶብኛል። እናንተ ሬሳ ለመሸከም ስምንት ተረኛ ወንድ አላችሁ፤ በእግሩ ለሚሄድ ሰው አምስት ስጡኝ።

እንዳላማው፦ ደንቡ እኮ “አባል ወይም ቤተሰቡ ሲሞት” ነው የሚለው።

የሺሐረግ፦ እሱን ማሟላት ቀላል ነው። እስከ ማታ ይታገሡ።

እንዳላማው፦ በስመ አብ! አፍሽን ያዢ!

የሺሐረግ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ድንኳን አላችሁ፣ ብረት ድስት አላችሁ፣ ጥሩምባ ነፊ አላችሁ። ሁሉም የሚደርሰው ጅቡ በልቶ ከሄደ በኋላ ነው።

እንዳላማው፦ እድሩን ውሻ አልሽው? በጠቅላላ ጉባኤ ነው የማስጠይቅሽ!

የሺሐረግ፦ ያስጠይቁኝ። ብቻ ጉባኤው በላቀው ለቅሶ ቀን እንዳይውል።

እንዳላማው፦ ስሚኝማ። ልጁን ጠልቼ አይደለም። በዚህ ሰዓት አምስት ሽማግሌ ግር ብሎ ቢገባበት ምን ይላል? መርዶ ነጋሪ ነኝ እኮ! ስንቱን ቤት በማለዳ አንኳኩቻለሁ። በጠዋት ፊቴን ያየ ሁሉ ደረቱን ነው የሚመታው።

የሺሐረግ፦ ስለ ፊትዎስ አልከራከርም።

እንዳላማው፦ ደግሞስ ምን እለዋለሁ? ለሞተ ሲሆን አፌ አይያዝም። ለቁም ሰው ግን ምን እንደሚባል አላውቅበትም።

የሺሐረግ፦ ለአስረስ “የእናቱ ምርኩዝ፣ እጀ ወርቅ” ብለው አገሩን አስለቅሰዋል። ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። ለላቀው ጆሮ እያለው ይንገሩት። ካቃተዎት ምንም አይበሉት፤ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ።

እንዳላማው፦ እህቴ ሰው ሰብስባ ገመናዬን አወጣች ብሎ ቢብስበትስ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት መሆን አልወድም እኔ።

የሺሐረግ፦ ተጠርተዋል እኮ፣ ጋሼ። የላከኝ እሱ ነው። እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው አደረች። ሊነጋጋ ሲል ጠራኝና “ራሴን አላምነውም፤ ሂጂና ለጋሽ እንዳላማው ንገሪያቸው” አለኝ።

እንዳላማው፦ እሱ ራሱ? በስሜ?

የሺሐረግ፦ በስምዎ።

እንዳላማው፦ ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ታስለፈልፊኛለሽ! ሂጂ፣ ከአጠገቡ እንዳትርቂ። ተረኞቹን ቀስቅሼ ከኋላሽ ደረስኩ።

(በዚያው ቀን የሺሐረግ፣ እንዳላማውና አራት ተረኞች ከላቀው ጋር ሰባት ሆነው ሆስፒታል ሄዱ፤ ማታ ስድስቱ ተመለሱ። ላቀው አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ታከመና መጋቢት 28 ቀን ቤቱ ገባ።)