ትሁት የተሳደበ ሰሞን

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

አዳራሹን አስጊጣችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ከሥራ ሰዓታችሁ ላይ ቀንሳችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። የዝግጅት ኮሚቴውንም እጃችሁ ይባረክ እላለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አምና የመዝገብ ቤት ኃላፊው ጡረታ ሲወጡ የሰጣችኋቸው አንድ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ለእኔ ሰዓትም፣ አበባም፣ ሻንጣም ሆነ። ሻንጣው ምንድነው? ቶሎ ሂጂልን ነው?

ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ የውሃ አገልግሎት ቅሬታ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ። "ውሃ ጠፋ" ብሎ የሚደውልልኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው "ቧንቧውን ከፍተውታል?" ብዬ ነው። ሰው ማመን አልፈጠረብኝም። ከኋላዬ "መርፌ" እንደምትሉኝም አውቃለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን ቤተ ዘመድ ነው፣ የሰማውን ሁሉ ያመጣልኛል።

አዲሶቹ እንዲገባችሁ ከልዩ ማስታወሻው ልጀምር። እኔ ስቀጠር ቅሬታ የሚመዘገበው በትልቅ ባሕር መዝገብ ላይ ነበር። ስም፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ ቅሬታ፣ የተሰጠ መልስ። በስተቀኝ ጥግ ደግሞ "ልዩ ማስታወሻ" የምትል ጠባብ ዓምድ ነበረች። ለሚቀጥለው ፈረቃ ማስጠንቀቂያ የምንጽፍባት ናት። "ሲጮህ ዝም በሉት፣ ሲደክመው ይተዋል።" "ይቺ ሴትዮ ስለ ውሃ ጀምራ ስለ ምራቷ ነው የምትጨርሰው።" "ቀጣፊ ነው፣ ቧንቧውን የሰበረው ራሱ ነው።"

ኮምፒውተር ሲመጣ ዓምዷም አብራ ገባች። ደንበኛ አያያትም፣ አለቃም አይከፍታትም። ጓዳችን ነበረች። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ የደበረን ቀን እሷን እያነበብን ስንስቅ የዋልነው ስንቶቻችን ነን? እሺ፣ እጅ አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ።

አምና ትሁት መጣ። በኢንተርኔት ለደንበኛ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠው ቻትቦት ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ማኔጅመንቱ ነው። ሁለት ሳምንት እንደ ስሙ ሆነ። "ክቡር ደንበኛችን፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" እያለ ሲለማመጥ እኔ አፈርኩለት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለአንድ መምህር "አሁንም እርስዎ ነዎት? ሲጮሁ ዝም እልዎታለሁ፣ ሲደክምዎት ይተዋሉ" ብሎ ጻፈለት። ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ "አንተ ቀጣፊ፣ ቧንቧውን የሰበርከው ራስህ ነህ" አለው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የትሁት ስድብ በየሰዉ ስልክ ላይ ነበር።

በራችን ላይ የተሰለፈውን ሰው ታስታውሳላችሁ? ተቆጥቶ ነው የመጣው። ግን በማሽኑ የተቆጣ አንድም ሰው አላየሁም! ሁሉም የሚፈልገው ከኋላው አለ የሚለውን ሰው ነው። መምህሩ "የተደበቀ ሰው አለ፣ አውጡት!" ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ምድር ቤቱን ካልፈተሽኩ ብሎ ከጥበቃው ጋር ተናነቀ። አንዲት እናት ደግሞ "ስለ ምራቴ የምታውቀው ጎረቤቴ ብቻ ናት፣ የነገረቻችሁ እሷ ናት" ብላ ከአሥራ አምስት ዓመት ጎረቤቷ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነች። የነገረችን ራሷ ናት፤ በየሳምንቱ፣ በስልክ!

ያልተሰደበውም ቅር አለው እኮ። አንድ ጫማ ነጋዴ መጥቶ "የሰፈሬን ሰው ሁሉ ሲዘልፍ እኔን ብቻ 'ክቡር ደንበኛችን' ይለኛል። ምን ደብቃችሁብኛል?" አለኝ።

"ስለ እርስዎ የተባለ ነገር የለም" ስለው፣

"እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው" ብሎኝ ሄደ።

አንዲት ልብስ ሰፊ ግን አልጮኸችም። ስልኳን ዘርግታ መስኮቴ ላይ አስቀመጠችው። ትሁት "የሚደውሉት ስለ ውሃ አይደለም። ባልዎ ከሞቱ ወዲህ የሚያወሩት ሰው አጥተው ነው። ቶሎ ልዝጋብዎት" ብሏታል። እኔን እያየች ቀስ ብላ "ይሄን የጻፈው ሰው ነው። ማሽን ብቸኝነትን ከየት ያውቀዋል?" አለች። ድምፄን ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የደወለችው ወደ እኔ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል አልመለስኩላትም። ስልኳን አንሥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

እኛስ? እኛ ከሕዝቡ ብሰን ተገኘን። ሻይ ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። ጠረጴዛዬ ላይ የተውኩት ብዕር ቦታውን ለውጦ አገኘዋለሁ። እኔም አልተኛሁላችሁም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን ወደ አለቃ ቢሮ እንደሚመላለስ እቆጥር ነበር። አጣሪ ኮሚቴው ጠራኝና "እትዬ፣ ይህ አነጋገር የእርስዎን አይመስልም?" አለኝ። "የሁላችንንም ይመስላል" አልኩ። እሱ እንኳ እውነት ነበር።

በአራተኛው ቀን ነገሩ ታወቀ። ትሁትን ያሠለጠነው የኮምፒውተር ባለሙያ የሠላሳ ዓመቱን መዝገብ ሲጭንበት ልዩ ማስታወሻዋን ከመልሶቻችን ጋር ቀላቅሎ አጉርሶታል። "ሳያጣራ አስገባ" ተባለ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበትና ወደ ቧንቧ መጋዘን ተዛወረ። ለከተማውም "የቴክኒክ ስህተት" ብለን አሳወቅን፤ ከተማው አላመነንም፣ እኛ ግን እፎይ አልን። ጉዳዩ ተዘጋ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጉዳዩ አልተዘጋም። ባለሙያው አጣርቷል። የጠየቀው እኔን ነው።

ትሁት ሥራ ሊጀምር አንድ ወር ሲቀረው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "እትዬ፣ ልዩ ማስታወሻ የሚል ዓምድ አለ። ምን የሚጻፍበት ነው? ላስገባው ወይስ ልተወው?" አለኝ። እኔ ምን አሰብኩ? ይሄ ሰውዬ ጓዳችንን ሊያይ ነው፣ አይቶ ለአለቃ ሊያቀብል ነው፣ ከዚያ እኔን አስነሥቶ ማሽኑን ሊያስቀምጥ ነው። "ተወው" ካልኩት ለምን ብሎ ይከፍተዋል። ስለዚህ ዓይኔን ከሥራዬ ሳላነሣ "የቆጣሪ ቦታ ምልክት ነው። አስገባው፣ ምን ቸገረህ?" አልኩት።

"አመሰግናለሁ፣ እትዬ" ብሎኝ ሄደ። አምኖኝ አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ አስገባው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን አምልጦኝ አይደለም። አውቄ ነው የዋሸሁት። የልብስ ሰፊዋንም ማስታወሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ የጠረጠርኩት ዝምታውን ነው። ስሜን ለምን አልጠራም? ምን ሊያደርገኝ ፈልጎ ነው? ባለፈው ሳምንት መጋዘን ደወልኩለት። ለዛሬው ጠራሁት፣ "ሥራ አለብኝ" አለኝ። አላስቻለኝምና "ለምን አልተናገርክብኝም?" አልኩት።

"ብናገር ማን ያምነኝ ነበር፣ እትዬ? እርስዎ የሠላሳ ዓመት ሠራተኛ፣ እኔ የስምንት ወር።"

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። እንደ ቆጣሪ ንባብ ነው የነገረኝ። ኮሚቴው ውስጥ ብሆን እኔ ራሴ አላምነውም ነበር። አፈርኩ ወገኖቼ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቢ አስደርጌያለሁ። ታዲያ አደባባይ ላይ ለምን እደግመዋለሁ? ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሲያረጅ ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎንም አላምንዎትም። አሁን ግን አዳራሽ ሙሉ ምስክር አለኝ። ማስጠንቀቂያው ከማኅደሩ ይውጣለት፤ ሰውየው ወደ ወንበሩ ይመለስ። በእኔ ላይ የሚጻፍ ካለም ይጻፍ፤ አድራሻዬን ታውቁታላችሁ።

በሉ እንግዲህ፣ አላስመሽባችሁ። ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ፤ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሥራችሁን ያቅልላችሁ። ቤታችሁን ሰላም ያድርግላችሁ፤ ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። እናንተም በጤና፣ በክብር ለጡረታ ያብቃችሁ። እውነቱን የተናገራችሁ ቀን ደግሞ የሚያምናችሁ ሰው አትጡ።