የጩቤው ዘርፍ

ያኔ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ጃኒተር ነበርኩ። ከማጸዳቸው ሱቆች የአንዱ ባለቤት፣ ሚስተር ሃል የሚባሉ ሽማግሌ፣ የድሮ የጀርመን መኮንኖችን ጩቤ ኮሌክት ያደርጋሉ። አንድ ቀን የአንዱ ጩቤ እጀታ ላይ የታሰረው የብር ክር ዘርፍ ተበጣጥሶ አየሁና፣ "ይስጡኝ፣ ልጠግንልዎት" አልኳቸው። አገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ጥላ ዘርፍ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ መጥረጊያ ብቻ መያዝ ሰልችቶኝ ነበር።

ጠግኜ ቅዳሜ ሳን ሆዜ፣ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚገበያዩበት የኮሌክተሮች ሾው ላይ አስረከብኳቸው። በአጉሊ መነጽር ቢያገላብጡት አዲሱን ክር ከአሮጌው መለየት አቃታቸው። ከዚያ ከጩቤው ጎን ለገዢ የሚቀመጠውን ካርድ አወጡና "ዘርፉ የታደሰ" ብለው ጻፉ።

ክው አልኩ። "ለምን ይጽፉታል? የታደሰ ነገር ዋጋው ይወርዳል ይሉ የለም እንዴ? ማንም አይለየውም እኮ።"

"ማንም ስለማይለየው ነው የምጽፈው" አሉና እስክሪብቶውን ሰጡኝ። "ማን እንዳደሰው ደግሞ አንተ ጻፍ።"

ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። እዚያ ኦክላንድ "ሄይ" ነበር የምባለው። ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰውዬ የተበጣጠሰ ዘርፍ ይዞ መጣና ካርዱን እያየ በስሜ ጠራኝ። አጠራሩን አበላሸው፤ እኔ ግን አቤት አልኩ።