ለመንታ የተቀዳ ሽሮፕ

ልብስ ሰፊው ሽሮፕ ገዝቶ ከመድኃኒት ቤቱ ሲወጣ ከወንድሙ ልጅ ጋር በር ላይ ተገጣጠመ። ልጅቷ ፋርማሲ ያጠናች፣ ሰላምታ ሳታስጨርስ ወደ ጉዳዩ የምትገባ ናት።

«አጎቴ፣ ማን ታሞ ነው?»

ከመንታ ሴቶች ልጆቹ ትንሿን ጉሮሮዋን እንዳመማት፣ ሐኪም ያዘዘላት ሽሮፕም ከቀኑ በፊት እንዳለቀ ነገራት። ያለቀው ለሁለቱም ስለሚቀዳ ነው። በእሱ ቤት ለአንዷ የተሰጠ ለሌላዋም ይሰጣል፤ ጫማም ቢሆን፣ ቁንጥጫም ቢሆን።

«ትልቋስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ከንፈሯ አበጥ ብሎ ነበር። የእህቷ ሕመም ሳይጀምራት አይቀርም፤ ጨመር አድርጌ ልሰጣት ነው።»

የወንድሙ ልጅ «ይሄ ለትልቋ አይሰጥም» ብላ ጠርሙሱን ከእጁ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤቱ አቅጣጫ መራመድ ጀመረች። አጎትየው ደሙ ፈላ፤ ቢሆንም ተከተላት።

«ከአንድ ማህፀን፣ በአንድ ቀን የወጡ ልጆች ናቸው። ለአንዷ መድኃኒት የሆነው ለሌላዋ መርዝ ይሆናል ልትዪኝ ነው?»

«አዎ፣ እሱን ልልዎት ነው።»

እርምጃዋን ሳትቀንስ አስረዳችው። የእሱ መንትዮች ከሁለት የተለያዩ እንቁላሎች የተፈጠሩ ናቸው፤ ከአባትና ከእናት የወረሱት እንደ ማንኛውም እህትማማቾች ይለያያል። ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ መንትዮች እንኳ ቢሆኑ አንዷን የማይነካ መድኃኒት ሌላዋን ሊያሳብጣት ይችላል።

አልተዋጠለትም። ልጆቹን አንድ አድርጎ ሲያሳድግ ኖሮ ዛሬ የትናንት ልጅ መጥታ ልትለያያቸው ነው።

«ቀሚሳቸውንስ በአንድ ልክ ነው የሚቆርጡት?» አለችው።

«እንዴት ተደርጎ። ትልቋ ትከሻዋ ሰፊ ነው።»

«ከውጭ በሜትር የሚለካው ከተለያየ፣ ውስጣቸውን ማን አንድ አደረገው?»

አጎትየው እርምጃውን አፈጠነ።

ቤት ሲደርሱ ትልቋ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ከእህቷ ጎን ተቀምጣለች። አባትየው ሻርፑን ሲፈታው አንገቷ እስከ ደረቷ ድረስ ቀልቶ ተቆጥቷል። ስትተነፍስም ሲር ሲር ይላል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «እኔ ካልጠጣሁ እሷ አልጠጣም ትላለች።»

የወንድሙ ልጅ ያን ሁሉ መንገድ የተናገረችው ያላደረገውን ይህች አንዲት ቃል አደረገችው። አባትየው ልጁን አቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ። መርፌ ተወግታ ትንፋሿ እስኪረጋ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳም። ሐኪሙም አንድ ማንኪያ ቢጨመርላት ኖሮ ጉሮሮዋ ሊዘጋ ይችል እንደነበር አልሸሸገውም።

ልጆችን እኩል መውደድ ሌላ፣ እንደ አንድ ሰው መቁጠር ሌላ ነው። ይህን የለየ ወላጅ ለታመመው መድኃኒቱን ሳያጎድል ይሰጣል፤ ጤነኛውን አያሳምምም፤ ልጆቹም አንዱ ለሌላው ሲል ሕመሙን አይደብቅም።

ማታ አባትየው የወንድሙ ልጅ የመለሰችለትን ሽሮፕ ለትንሿ ብቻ ቀዳላት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች።

«ብቻዬን አልጠጣም።»

«ብቻሽን አይደለሽም፣ ይኸው አጠገብሽ ናት» አላት። «የታመመው ጉሮሮ ግን ያንቺ ነው።»

ትንሿ እህቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት፤ የከንፈሯ እብጠት ገና አልጎደለም። ማንኪያውን ራሷ ተቀብላ ዋጠችው።