የአቶ ደበሌ ሰርቨርና የአሚኔ ዓይን

በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አቶ ደበሌ ቡታጅራ መናኸሪያ ውስጥ አረቅጥ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረው የመስኮት ወንበር ይዘዋል። እሑድ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ነው፤ ድንኳን ለማስተከል ቀድመው መድረስ አለባቸው። ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ! የሞላ!" እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው።

አቶ ደበሌ በከተማው የአንድ የግል ዓይን ክሊኒክ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሰርቨሩ፣ ማለትም የበሽተኞቹን መረጃ ሁሉ የያዘው ኮምፒውተር፣ ያለበት ክፍል ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም በኮታቸው የውስጥ ኪስ ነው። ለሠርግም ለለቅሶም አብሯቸው ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤታችን ሞልቷል። ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉን ሰው ይከሱታልና። ይህኛው ግን ታማኝ ነው፤ በታማኝነቱ ውስጥ ደግሞ የሰውን ንብረት ቆልፎ ይገድላል።

ከጎናቸው ከወልቂጤ የመጣ መኪና ቆመና ላፕቶፕ ያነገበች ልጅ ወረደች። ሃፊዛ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስትማር የተግባር ልምምዷን በእሳቸው ክፍል ሠርታለች።

"ጋሽ ደበሌ! እንደምን አደሩ? ኮት ለብሰው ወዴት ነው?"

"ሠርግ። አንቺስ ምን ጣለሽ?"

"ዶክተር ሙዝደሊፋ ደውለውልኝ ነው። ሰርቨሩ ድምፅ ያሰማል፣ የዓይን ሥዕል ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል አሉኝ። እርስዎ ያሉ መስሎኝ ነበር።"

አቶ ደበሌ ፊታቸው ጠቆረ። የክሊኒኩ ባለቤትና ሐኪም እሳቸውን ዘሎ ለትናንት ተማሪ መደወሉ አንገበገባቸው። ድምፁንስ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ሰምተውት የለ? ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እንጨት እንደሚበላ ነቀዝ። ለማንም አልተናገሩም።

"ከሠርግ ስመለስ አየዋለሁ" አሉ።

"እስከዚያ ላይቆይ ይችላል። ቁልፉ የት ነው?"

"ከእኔ ጋር።"

"እንግዲያው መኪናው ሳይነሳ ይውረዱ፣ ጋሽ ደበሌ!"

ወረዱ። ረዳቱ "ፋዘር፣ ወንበሩ እኮ ተያዘ ተብሏል!" እያለ ሲነጫነጭ አልመለሱለትም። በባጃጅ ሆነው ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ ጠቡ እዚያው ተጀመረ።

"ምን እንደማደርግ አውቃለሁ" አሉ አቶ ደበሌ። "እንደ ሁልጊዜው ሰርቨሩን አጠፋለሁ፤ ዲስኩን ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ፤ መልሼ አስነሳለሁ።"

"ካጠፉት አይነሳም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የታመመ ዲስክ እየዞረ ሳለ ይኖራል። አቁመው እንደገና ዙር ቢሉት ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። ሳይጠፋ ነው መቅዳት ያለብን። ሰርቨሩ ውስጥ የዓይን ሥዕሎቹን የያዘው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ በብረቱ ሳጥን ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። የእሱ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ያንን ዲስክ፣ ማሽኑ እየሠራ፣ በኔትወርክ ለሌላ ፕሮግራም ማሳየት ይቻላል። መቅጃው ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ያነበዋል።"

አቶ ደበሌ ሳቁ። "ልጄ፣ አገሩ ሁሉ ኔትወርክ የለም እያለ በሚያለቅስበት ጊዜ በኔትወርክ ትይኛለሽ?"

"የቴሌውን ማን ጠራው? እኔ የምለው ከእርስዎ ክፍል ዶክተሩ ክፍል ድረስ የተዘረጋውን ገመድ ነው። እሱን ማንም አይዘጋብንም።"

ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያየ ፈገግ አለ። አቶ ደበሌ ግን ሳቃቸው ጠፋ።

"ስሚኝ" አሉ። "ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ። ጸጉሩን ያሳደገ፣ አማርኛውን ግማሽ በግማሽ የሚናገር። ዲስኩን ለሁለት ፕሮግራም ከፈተው። በማግስቱ የአንዱ ሰው ዓይን በሌላው ስም ወጣ። እሱ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ካርድ ከካርድ እያስተያየሁ አቃናሁት። ያን ጊዜ ማልኩ፤ ይህ ዲስክ ከእንግዲህ ለማንም አይከፈትም!"

እውነታቸውን ነበር። ስለ አሮጌዎቹ ግትርነት ብዙ እንጮኻለን፤ ያለ ዕውቀት ከፋፍተው፣ አበላሽተው፣ ፎቶ ተነስተው ስለሚሄዱት አዲሶች ግን አፋችን አይከፈትም። ሽማግሌውን ግትር ያደረገው ያ ጸጉራም ነው። ይህ ሲባል ግትርነቱ መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም።

ክሊኒኩ ሲደርሱ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል፤ ከመስቃን ገጠር በጋሪ የመጡት እትዬ አሚኔ። ግራ ዓይናቸውን ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ ከወሰደው ቆይቷል። ቀኙ ቀርቷቸዋል።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ማነው? ደበሌ ነህ?" አሉ አንገታቸውን አዙረው። "ሥዕሌ አልከፈት አላቸው አሉ። ሐኪሙ ያለፈውንና ያሁኑን ጎን ለጎን ካላየሁ ቢላዋ አላነሳም ይላል። ዓይኔ በአንተ ቤት ታስሮ ነው እኮ የምጠብቀው።"

"ይፈታል እትዬ፣ ይፈታል" አሉና አቶ ደበሌ በሩን ከፈቱ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ኮሪደሩ ድረስ ወጣ።

ሃፊዛ ቁጭ ብላ የዲስኩን ሁኔታ አየች። ወዲያው ወደ እሳቸው ዞረች።

"ጋሽ ደበሌ፣ የመጨረሻው ቅጂ የመቼ ነው?"

አቶ ደበሌ የኮታቸውን አዝራር ፈቱ፤ መልሰው ቆለፉ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምገለብጠው።"

"ነበር?"

"ክሊኒኩ ሰባቱንም ቀን መሥራት ጀመረ። ሥዕሉ በዛ፤ መገልበጡ ቀን ሙሉ ይፈጃል። ሐኪሞቹ አታጥፋብን ይላሉ። መቼ ላጥፋው?"

"መቼ ነው የገለበጡት?"

"ሰኔ።"

ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ የሺህ ሰው ዓይን በአንድ በሚቆረጥም ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። በነዚያ ሰባት ወራት አቶ ደበሌ ሁለት የካይዘን ስልጠና ወስደዋል፤ በአንድ ለአምስት ተሰብስበው ተገማግመዋል፤ "በጣም ከፍተኛ" የሚል ነጥብም ተሰጥቷቸዋል። ቅጂው የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እፍረት ስለያዛቸው እሳቸውም አልተናገሩም።

ሃፊዛ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ተወችው። "ይኸው መልስዎን ራስዎ ሰጡኝ" አለች ዝቅ ብላ። "ለመቅዳት ማጥፋት የግድ ስለሆነ ነው ሳይቀዳ የቀረው።"

"ሁለት እጅ ባንድ ደብተር ሲጽፍ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ!"

"እኔም አልጽፍም እኮ! ያ ሰውዬ ለሁለቱም የመጻፍ መብት ሰጠ፤ ደብተሩ ተበላሸ። እኔ የምሰጠው የማንበብ መብት ብቻ ነው። መቅጃው መጻፍ ቢያምረው እንኳ ማሽኑ አይቀበለውም። የሚፈቀድለትም በዚህ ቤት ያለ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢያንኳኳ አይከፈትለትም።"

"መልካም። አንቺ ስታነቢ ነርሷ አዲስ በሽተኛ ብትመዘግብስ? ግማሹን አሮጌ፣ ግማሹን አዲስ ልትቀጂ ነው?"

ሃፊዛ ቀና ብላ አየቻቸው። ደህና ጥያቄ ነበር፤ ያ ጸጉራም ቢጠይቀው ኖሮ ያ ሁሉ ጥፋት ባልደረሰ።

"ዲስኩን አራት ሰዓት ላይ ባለው መልኩ ነው የማሳየው። ከዚያ በኋላ ነርሷ አንድ ቦታ ላይ ልትጽፍ ስትል፣ ማሽኑ በመጀመሪያ እዚያ የነበረውን አንስቶ እኔ ባመጣሁት በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ነርሷ ሥራዋን ትሠራለች፤ መቅጃው ደግሞ የአራት ሰዓቱን ብቻ ያያል። አይደባለቅም።"

አግዳሚው ላይ ሆነው ሁሉን ሲሰሙ የቆዩት እትዬ አሚኔ ተነሥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ደበሌ፣ የማን አገር ሰው ነህ?"

"ምነው እትዬ?"

"አባትህ ላም ነበረው?"

"ነበረው።"

"ሁሉንም ባንድ በረት ያሳድር ነበር?"

"እንዴት ተደርጎ? ግማሹ ደጋ ዘመድ ቤት ነው የሚረባው። አባ ሰንጋ ቢገባ ሁሉም ባንድ ቀን …" አሉና አቶ ደበሌ አቆሙ።

"እንግዲህ!" አሉ እትዬ አሚኔ። "አባትህ ላም ለዘመድ ሲሰጥ ሞኝ ነበር? እኔ ስለ ሳጥንህ የማውቀው የለም። የቀረኝ አንድ ዓይን ነው፤ እሱም ባንተ በረት ነው። ልጅቷ ካንተ ሳይጎድል ልውሰድልህ ስትል እንቢ የምትለው ምን ይሉኝ ብለህ ነው?"

ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ሲል ሦስቱም ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ተመልሶ ቀጠለ።

"ጀምሪ" አሉ።

አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። በሌላው ኮምፒውተር መስኮት ላይ ቁጥሩ እየተንቀራፈፈ ወጣ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ መቅጃው ይቆማል፣ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ካልሆነ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ነርሷ አንዳች ሳታውቅ በሽተኛ ትመዘግባለች። አቶ ደበሌ ሠርጋቸውን ረስተው ቆመው ያያሉ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከመቶው ስድሳ አንዱ እንደተቀዳ፣ መብራት ሄደ።

ኮምፒውተሮቹን ለጊዜው ያቆየው የባትሪ ሳጥን ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። "ስንት ደቂቃ ይይዛል?" አለች ሃፊዛ።

"አዲስ ሳለ ግማሽ ሰዓት ነበር። አሁን አሥርም አላምነውም።"

"ጄኔሬተሩስ?"

"ቤንዚን የለውም!" አሉና አቶ ደበሌ የሠርግ ኮታቸውን እንደለበሱ ወደ አስፋልቱ ሮጡ። ማደያው ቤንዚን ካጣ አራተኛ ቀኑ ነው። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጥግ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረችሩ ሴቶች አሉ፤ የፖሊስ ጥላ ስላዩ ጠርሙሶቹን በነጠላ ሸፍነው ዝም ብለዋል።

"ቤንዚን የለንም አባባ!"

"ነጠላውን ግለጪው፣ ወንጀሉ በእኔ ይሁን! የሰው ዓይን እየጠፋ ነው!"

ሦስት ጠርሙስ ታቅፈው ሲመለሱ ኮታቸው ቤንዚን በቤንዚን ሆኗል። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስነጥሶ በሦስተኛው ሲነሳ፣ ሃፊዛ ከውስጥ "አልጠፋም! አልጠፋም!" ብላ ስትጮኽ ተሰማ። አቶ ደበሌ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቅጂው አለቀ። አሥራ ሰባት ቦታ አልተነበበም፤ ሃፊዛ ስታጣራው አብዛኛው ባዶ ቦታ ሆነ፤ የሦስት ሰው ሥዕል ብቻ ጎደለ። ስማቸውን ጽፋ ለአቶ ደበሌ ሰጠቻቸው። የዓይን ሥዕል እንደገና እንዲነሱ መጠራት አለባቸው፤ ይህ መደበቅ የለበትም። ከዚያም ቨርቹዋል ማሽኑን ከቅጂው ላይ በሌላው ኮምፒውተር አስነሳችው፤ ነርሷም ከአራት ሰዓት ወዲህ የመዘገበችውን ከካርዶቹ ላይ ደግማ አስገባች።

"አሁን አሮጌውን ያጥፉት" አለቻቸው።

አጠፉት፤ ጥቂት ቆይተው መልሰው ተጫኑት። ቀጭ አለ አንዴ። ከዚያ በኋላ ምንም።

አቶ ደበሌ ደጋግመው ተጫኑ። ጠዋት በባጃጁ ውስጥ "አጠፋለሁ፣ መልሼ አስነሳለሁ" ያሉት ይህንኑ ነበር። በዚያው በለመዱት፣ በእጃቸው ባለው ታማኝ ልማድ፣ ሁሉንም ይቀብሩት ነበር።

ዶክተር ሙዝደሊፋ በክፍላቸው ሆነው የማወዳደሪያ ፕሮግራማቸውን ከፈቱ። ፕሮግራሙም ከቅጂው የተነሳውን ማሽን ዲስክ በገመዱ በኩል፣ ለማንበብ ብቻ፣ ያይ ነበር፤ በዚያው ሰዓት መቅጃው ሁለተኛ ቅጂ እየወሰደ ነበር፤ ነርሷም ትመዘግባለች። አንዱ አንዱን አላወከም። የአራት ዓመት የቀኝ ዓይን ሥዕል ጎን ለጎን ተደረደረ፤ በነርቩ መሐል ያለው ጎድጓዳ ከአምና እስከ ዘንድሮ እየሰፋ መሄዱ በግልጽ ታየ።

"ጠብታው አልገታውም" አሉ ዶክተሩ። "ሰኞ ቀዶ ጥገና እንሠራለን። የጠፋው አይመለስም እትዬ፤ ያለውን ግን እንይዘዋለን።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ እትዬ አሚኔ። "ያለው ይበቃኛል። የልጅ ልጄን ፊት አይበታለሁ።"

አቶ ደበሌ ከክፍሉ ወጥተው ስልካቸውን አወጡ። ክሊኒኩ ወልቂጤ ቅርንጫፍ አለው፤ የዚያ መረጃ ክፍል ኃላፊ ሰይዶ ይባላል፣ ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

"ሰይዶ፣ ያንተ ሰርቨር ከእኛው ጋር ባንድ ቀን የተገዛ ነው። ቅጂ መቼ ወሰድክ?"

"ኧረ ጋሽ ደበሌ፣ ጊዜ የት አለ? ማጥፋት አይቻልም።"

"ማጥፋት አያስፈልግህም። እየሠራ ይቀዳል። ዲስኩን ለመቅጃው በኔትወርክ ታሳየዋለህ።"

"እኔ? ለሌላ ፕሮግራም ልክፈት? ሞቼ ነው! ለማንም አትክፈት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ!" አሉ አቶ ደበሌ፤ ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። "ተሳስቼ ነው ያስተማርኩህ! አሁን ስማኝ። ጻፍ ሳትል አንብብ ብለህ ትከፍታለህ። ለምታውቀው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ትፈቅዳለህ። ይህን ካደረግክ በየቀኑ ትቀዳለህ፤ ሐኪሙ ሥራ አይፈታም፤ በሽተኛ ነገ ና አይባልም፤ ቅጂህ በሌላ ቤት ይቀመጣል፤ ብረቱ ቢሞት ብረት ሞተ ይባላል እንጂ የሰው ዓይን አይሞትም። ገባህ?"

"ጋሽ ደበሌ፣ እኔ እንኳ …"

"ድምፅ ያሰማል ወይ?"

በመስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። አቶ ደበሌ ያንን ዝምታ አወቁት፤ ከእሑድ ጀምሮ ራሳቸው ዝም ሲሉት የሰነበቱት ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉ።

"… ከሰኞ።"

"ነገ በመጀመሪያው መኪና ከሃፊዛ ጋር እንመጣለን። እስክንደርስ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት፤ አንተም ጭምር። ቤንዚን ግን አሁኑኑ ግዛ።"